የትኛው ብርሃን፣ ለየትኛው ቀለም? ለሠዓሊና ለዲዛይነር የንጽጽር መመሪያ

ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ወርዶ ለጥለት የሚሆን ክር የሚገዛ ሰው፣ ልብ ብሎ ላየው፣ አንድ የማይለወጥ ልማድ አለው። ሻጩ ከመደርደሪያ አውርዶ የሰጠውን ክር በሱቁ መብራት ሥር አይቶ አይጨርስም። ክሩንም ሊያዛምደው ያመጣውን ቁራጭ ጨርቅም ይዞ ወደ በሩ ይወጣና በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ያስተያያቸዋል፤ ብዙ ጊዜም «ይሄማ ሌላ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰሉት ሁለት ክሮች ደጅ ሲወጡ የሚለያዩት ገዢው ዓይኑ ስለደከመ አይደለም። ማንኛውም ባለ ቀለም ገጽ ካረፈበት ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል፤ ዓይን የሚያየውም የተመለሰውን ብቻ ነው። በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ሁለት ክሮች በአንድ መብራት ሥር እኩል ሊመልሱ ይችላሉ፤ መብራቱ ሲለወጥ ግን የማቅለሚያቸው ልዩነት ይጋለጣል። በሙያው ቋንቋ ይህ ሜታሜሪዝም ይባላል፤ ክር ገዢው ስሙን ባያውቀውም መፍትሔውን ጠንቅቆ ያውቃል።

ይህ ጽሑፍ በሥዕል ወይም በዲዛይን ሙያ የሚተዳደር ሰው ከሚያገኛቸው የብርሃን ምንጮችና የቀለም ዓይነቶች የትኛውን ለየትኛው ሥራ ቢመርጥ እንደሚሻል ለማመልከት የተዘጋጀ ነው። የማወዳድርበት ሚዛን አንድ ሲሆን እሱም ሥራው ካለቀ በኋላ በየትኛው ብርሃን ይታያል የሚለው ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ቀለም ይገዛል፣ ከዚያ የሚሠራበትን ክፍል ያስተካክላል፣ ሥራው ስለሚሰቀልበት ግድግዳ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ የሚሆን ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል እንድሠራ ታዘዝሁ። ሥራው የሐይቅ ንጋት ነበርና ሦስት አራተኛው ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ቀን ቀን ሌላ ሥራ ስለነበረብኝ በአብዛኛው የሠራሁት ማታ፣ ከራሴ በላይ በተንጠለጠሉ ሁለት ነጭ አምፖሎች ብርሃን ነው። በቤቴ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ውሃውም ቀዝቅዞ ይታይ ነበር። ሆቴሉ ወስጄ ስሰቅለው ግን የእንግዳ መቀበያው መብራት በሙሉ ቢጫ ነበርና ውሃው ወደ አመድማ ወረደ፣ ጥላው ጭቃ መሰለ፣ ከሰማዩም ከፊሉ ያላሰብሁትን ሐምራዊ መልክ ያዘ። ባለቤቱ ጥቂት ቆም ብለው አዩትና «መንገድ ላይ ደክሞት ነው እንዴ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ግድግዳውን ለመለካት ሁለት ጊዜ ስሄድ አንድም ጊዜ ቀና ብዬ አምፖሉን አላየሁም።

የመስኮት ብርሃን፦ የሰሜኑ ምክር አዲስ አበባ ላይ ምን ያህል ይሠራል?

በየሥዕል መማሪያው የሚደጋገም አንድ ምክር አለ፤ የሠዓሊ ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላል። ምክሩ የመጣው ከአውሮፓ ነው። ፓሪስ 49 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ የሰሜን መስኮት የሚያስገባውም ከሰማዩ የሚመጣውን ለስላሳ ብርሃን ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚሠራ አንባቢ ይህን ምክር እንዳለ ሊቀበለው ይችላል። ጆሃንስበርግ ያለ ደግሞ ገልብጦ ደቡቡን ይምረጥ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች ነገሩ ይለያል። ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ቀትር ላይ በአናታችን ታልፋለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ ቀትሯ በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ «ፀሐይ አይገባበትም» ተብሎ የተመረጠው የሰሜን መስኮት ለአራት ወር ተኩል ያህል የፀሐይ መስኮት ይሆናል።

ይህን ሲሰሙ የሰሜን መስኮትን መተው አያስፈልግም። በሰኔ አጋማሽ፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ርቃ በምትሄድበት ጊዜ እንኳ፣ ቀትር ላይ ከአናት የምትርቀው 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለውን መስኮት በሚገባ ይጋርደዋል። የሚያስቸግረው ጧትና ማታ ነው። በዚያ ወቅት ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን አዘንብላ ስለምትወጣ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ እንደገናም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ጨረሯ በሰሜኑ መስኮት በሰያፍ ገብታ ሸራው ላይ ታርፋለች። ደግነቱ ከእነዚህ ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ናቸውና ደመናው ራሱ መጋረጃ ይሆናል። በእውነት የሚያስቸግሩት ሚያዝያና ግንቦት ናቸው፤ ለእነሱም አንድ ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ መስኮቱ ላይ መወጠር ይበቃል። አቡጀዲው ነጭ መሆኑን አጥብቄ የምናገረው ጢስና አቧራ ያቀላው መጋረጃ የሚያሳልፈውን ብርሃን ሁሉ ስለሚያቀላው ነው።

የደቡብ መስኮት በአንጻሩ ከመስከረም እስከ መጋቢት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስገባል፤ ይህም ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋው ስለሚሆን የሚጋርደው ደመና የለም። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ስለምትዘነብል ለሰሜኑ የበቃው ክፈፍ ለደቡቡ አይበቃም። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ከሁለቱም የከፉ ናቸው። የምሥራቁ ግማሽ ቀን በፀሐይ ተጥለቅልቆ ግማሹን ጭር ይላል፤ የምዕራቡ ደግሞ ማታ ላይ ሁሉን ነገር ብርቱካናማ ያደርገዋል። ቀለም ለማመሳሰል ሁለቱም አይሆኑም፤ የፊት ገጽታ ወይም የዕቃ ጥናት በጠንካራ ጥላ መሥራት ለሚፈልግ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን የጧቱ የምሥራቅ ብርሃን ውብ ነው።

ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንዱን አንሥቶ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መትከል ብዙ ሠዓሊዎች የሚመርጡት ርካሽ መንገድ ነው። ብርሃኑ ከላይ ስለሚመጣ ለቅርጻ ቅርጽና መሬት ላይ ተዘርግቶ ለሚሠራ ትልቅ ሥራ ጥሩ ነው። ለቆመ ሸራ ግን ገና ያልደረቀ የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፤ የሠዓሊው ጭንቅላትና ክንድ ጥላም ሥዕሉ ላይ ያርፋል። የግድ ከሆነ ጥርት ያለውን ትቶ የወተት መልክ ያለውን መግዛት ይሻላል፤ ጊዜ ሲያልፍም ፕላስቲኩ ወደ ቢጫ እንደሚለወጥ አውቆ መቀየር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰሜን ብርሃን «አይለወጥም» ሲባል አቅጣጫው ማለት ነው እንጂ ቀለሙስ ይለወጣል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። አንጥረኛ ቤት የገባ ብረት መጀመሪያ እንደሚቀላ፣ ሲብስ ቢጫ፣ ቀጥሎም ነጭ እንደሚሆን ሁሉ፣ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ቢጫማ፣ ከፍ ሲል ሰማያዊማ ይሆናል። በሐምሌ ደመና የተሸፈነ ሰማይ 6500 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ በኅዳር ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ከ10,000 ሊያልፍ ይችላል። በክረምት የጀመሩትን ሥዕል በበጋ የሚጨርሱ ሰዎች፣ በአንድ መስኮት ሥር እየሠሩም ቢሆን፣ ሁለተኛው አጋማሽ ለምን ሞቅ እንዳለባቸው ሲገረሙ የሚሰማው ለዚህ ነው። ክፍሉ ሰማያዊ ሲሆንባቸው እጃቸው ሳያውቁት ቢጫና ቀይ ይጨምራል።

አምፖል፦ ማሸጊያው ላይ የሚነበበውና የማይነበበው

የድሮው ባለ ክር አምፖል 2700 ኬልቪን ገደማ ነው። ቀለምን በመግለጥ ችሎታ መለኪያ፣ በተለምዶ ሲአርአይ በሚባለው፣ ከ100 መቶ ያገኛል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። መለኪያው አንድን መብራት የሚያነጻጽረው የራሱን ያህል የቀለም ሙቀት ካለው ማጣቀሻ ጋር ነው፤ ለቢጫ መብራት ማጣቀሻው ራሱ ቢጫ ነው። ስለዚህ ባለ ክር አምፖል መቶ ማግኘቱ ብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊ እጅግ ጥቂት የመሆኑን እውነት አይለውጠውም። የሐይቁ ሥዕሌ የደከመው በዚህ ዓይነቱ ብርሃን ነው።

ኃይል ቆጣቢ የሚባለው ጥምዝምዝ አምፖልና ረጅሙ ፍሎረሰንት ብርሃናቸው ወጥ አይደለም፤ በጥቂት የቀለም ክፍሎች ላይ ተከማችቶ ሌላው ላይ ይሳሳል። ክሮቹ ሱቅ ውስጥ የሚመሳሰሉትና በር ላይ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መብራት ነው። ለቀለም ሥራ አሁን የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም፤ ሲሰበርም ውስጡ ሜርኩሪ አለው።

የሚቀረው ኤልኢዲ ነው፤ በእሱ ውስጥ ያለው ልዩነት ግን ከሌሎቹ ጋር ካለው ልዩነት ይሰፋል። አብዛኛው ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጥ ቺፕ ላይ ፎስፈር የሚባል፣ ብርሃኑን ከፊል ወደ ቢጫ የሚለውጥ ቢጫ ንጥረ ነገር በመቀባት ነው። ውጤቱ ለዓይን ነጭ ሲሆን ውስጡ ግን ጥልቁ ቀይ ይጎድለዋል። ተራው ሲአርአይ 80 የተባለው አምፖል ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የስምንት ፈዛዛ ናሙናዎች አማካይ ነውና ደማቁ ቀይ ከስምንቱ ውስጥ የለበትም። ቀዩን የሚለካው አር9 የሚባለው ለብቻው የሚነገር ቁጥር ነው፤ ሲአርአይው 80 የሆነ አምፖል አር9ው ወደ ዜሮ የወረደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሥዕል፣ ለጨርቅ ዲዛይን፣ ለምግብና ለሰው ፎቶግራፍ የሚፈለገው ሲአርአይው ከ95 በላይ፣ ቢያንስ ከ90 በላይ ሆኖ አር9ውም ተጽፎ የሚሸጥ አምፖል ነው። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ99 ናሙናዎች የሚለካ ቲኤም-30 የሚባል የተሻለ ዘዴ አለ፤ በሱቅ ማሸጊያ ላይ ግን ገና አይዘወተርም።

ማሸጊያው ላይ «ዴይላይት» ተብሎ ቢጻፍ ስለ ቀለም ሙቀቱ ብቻ ነው የሚናገረው። ይልቁንስ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይፈልጉ። የመጀመሪያው አኃዝ የሲአርአዩ አሥር ቤት፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለቱ የኬልቪኑ መቶ ቤት ናቸው። 865 ማለት ሲአርአይው 80ዎቹ ውስጥ፣ ሙቀቱ 6500 ነው፤ 950 ማለት ሲአርአይው ከ90 በላይ፣ ሙቀቱ 5000 ነው። ቁጥሩ ከሌለ ደግሞ ባለ ሱቁ ዘንድ ሊሞከር የሚችል አንድ ፈተና አለኝ። በትንሽ ወረቀት ጥሩ በርበሬ ቋጥሬ እሄድና፣ አምፖሉ ሲበራ በርበሬውንና የእጄን መዳፍ ሥሩ እዘረጋለሁ፤ ከዚያ ወደ በሩ ወጥቼ አያቸዋለሁ። በርበሬው በአምፖሉ ሥር የጡብ አፈር ከመሰለ፣ መዳፌም የታመመ ሰው መዳፍ ከመሰለ፣ ማሸጊያው የፈለገውን ይበል፣ አልገዛውም። ባለ ሱቆቹ ይስቁብኛል፤ ፈተናው ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።

ከ3000፣ ከ4000፣ ከ5000 እና ከ6500 ኬልቪን የቱ? መልሱ ከሥራው መድረሻ ይመጣል። ለማተሚያ ቤት ሥራ ጥያቄው ተዘግቷል፤ የሕትመት ናሙና የሚመረመርበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 3664፣ ዲ50 የተባለውን ወደ 5000 ኬልቪን የሚጠጋ ብርሃን ይጠይቃል፤ ለጥብቅ ምርመራም ብርታቱ 2000 ሉክስ (ሉክስ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለተለመደው እይታ 500 ሉክስ ይሁን ይላል። ለስክሪን ብቻ የሚሠራ ሰው የስክሪኑ ነጭ 6500 ስለሆነ ክፍሉን ወደዚያ ቢያስጠጋ ዓይኑ አይጋጭበትም። ለመኖሪያ ቤት፣ ለምግብ ቤትና ለሆቴል የሚሠራ ሠዓሊ ግን ሥራው 2700 ወይም 3000 ሥር ሊኖር ነውና በ6500 መሥራቱ በባዕድ ቋንቋ እንደ መጻፍ ነው። እኔ መሐል ላይ 4000 መርጬ እሠራለሁ፤ በየጊዜው ደግሞ 2700ዋን አምፖል አብርቼ አያለሁ። 5000 የሚመርጡ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፣ አልሟገታቸውም፤ 6500ን ግን ለማታ ሥራ አልመክርም፤ ልምዴን ከላይ ተናግሬያለሁ።

ብርታቱን ለማስላት ቀላል መንገድ አለ። ሉመን አምፖሉ የሚሰጠው ብርሃን መለኪያ ነው፤ አንድ ሺህ ሉመን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሙሉ ቢያርፍ 1000 ሉክስ ይሆናል፤ ለሥዕል ከ500 እስከ 1000 ጥሩ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚባክነውን አስቦ ከሚያስፈልገው እጥፍ መግዛት አይጎዳም። ሥራውን በፎቶ ወይም በቪዲዮ የሚያስቀር ሰው አምፖሉ እንደማይርገበገብም ያረጋግጥ፤ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል፣ ቪዲዮው ላይም ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ያድናል።

ክፍሉ ራሱ ብርሃን ይቀባል

ጥሩ አምፖል ከገዙ በኋላ በሎሚ ቀለም የተቀባ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጥ ቢያበሩት ገንዘቡ ባከነ። ከግድግዳው ተመልሶ ሸራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቢጫ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ከተቻለ ሸራው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ፈዛዛ ግራጫ ይሁን፤ ካልተቻለ ነጭ ይበቃል፣ ነጩ የበለጠ ስለሚያንጸባርቅ ግን ገና ያልደረቀ ቀለም ላይ ማብረቅረቅ ያመጣል። በመስኮቱ ሥር ያለ የጎረቤት አረንጓዴ ቆርቆሮም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ቀን የሰው ፊት እየሠራሁ ጉንጩ ላይ አልጠፋ ያለኝን ቅላት ስታገለው ውዬ፣ ምንጩ የለበስሁት ቀይ ሹራብ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ጋውን ግራጫ ነው።

ብርጭቆና ወረቀት፦ ስክሪን ወይስ ሕትመት?

አዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ የባለ ቀለም መስታወት ሥራ ያየ ሰው ስክሪንና ሕትመት የሚለያዩበትን ነገር በአንድ ጊዜ ይረዳል። የአፈወርቅ ተክሌ መስታወቶች፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት፣ ቀለማቸውን የሚሰጡት ከጀርባቸው የሚመጣውን ብርሃን በማሳለፍ ነው፤ ከውስጥ ሆኖ ቢያዩአቸው የሚደምቁትን ያህል፣ በቀን ከደጅ ሆኖ ቢያዩአቸው ጥቁርማ ናቸው። ስክሪንም እንደዚያ መስታወት ነው፤ ብርሃኑን ራሱ ይልካል። ወረቀት፣ ሸራና ባነር ግን የሌላ ብርሃን ለማኞች ናቸው፤ ከመጣላቸው በላይ መመለስ አይችሉም።

በስክሪን ላይ በአርጂቢ፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ድብልቅ፣ የተሠራ ደማቅ ሰማያዊ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ሲታተም ወደ ወይን ጠጅ የሚያዘነብለው፣ የሚያበራ የሚመስለው አረንጓዴም የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ የማተሚያው አራት ቀለሞች የሚደርሱበት ክልል ከስክሪኑ ይጠባል። ደንበኛ «ስልኬ ላይ ያየሁት ይሄ አይደለም» ሲል የሚጣላው ከማተሚያ ቤቱ ጋር ቢሆንም ውሳኔው የተሳሳተው ዲዛይነሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጨረሻው ሥራ ሕትመት ከሆነ ገና ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ መሥራት፣ የስክሪኑን ብርታት ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ማውረድ፣ ማታ ማታ ስክሪኑን በራሱ የሚያቀላውንም የሌሊት ሁነታ ማጥፋት ይገባል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የተስተካከሉ አርማዎች በጧት ሰማያዊ ሆነው የሚገኙት ግን በእሱ ነው። ከጀርባው መብራት ላለው የሱቅ ማስታወቂያ የሚታተም ሥራ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ብርሃን በውስጡ ስለሚያልፍ ቀለሙ ከተራ ባነር ወፈር ብሎ መታተም አለበት፣ አለበለዚያ ማታ ሲበራ ይነጣል።

ቱቦው ውስጥ ያለው

ከብርሃኑ በኋላ ወደ ቀለሙ ስንመጣ ንጽጽሩ ያጥራል፤ ግማሹ መልስ ከላይ ተሰጥቷልና። ለሞቃት መብራት የሚሠራ ሰው ሰማያዊዎቹን ይጠንቀቅ። ኮባልት ሰማያዊ ጥልቅ ቀይንም ስለሚመልስ ቢጫ መብራት ሥር ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ፋታሎ ሰማያዊ ቀዩን ስለሚውጥ ይጨልማል። የእኔ ሰማይ በአንዱ፣ ውሃው በሌላው ነበርና ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የነበሩት ሆቴሉ ውስጥ ተለያዩ። በአንድ ሰማያዊ መሥራት ወይም ሁለቱን በሁሉም ቦታ ማደባለቅ ይህን ያቃልለዋል።

ከነጮቹ ታይታኒየም ሸፋኝና ጠንካራ ነው፤ ዚንክ አሳላፊ ስለሆነ ለስስ ጭጋግ ያምራል፣ በዘይት ሲሆን ግን እየደረቀ ተሰባሪ ስለሚሆን ለሥር ቅብ አይሁን። አክሪሊክ እርጥብ ሳለ ማጣበቂያው ወተትማ ስለሆነ ሲደርቅ ጠቆር ይላል፤ የውሃ ቀለም በተቃራኒው ይነጣል፤ የዘይት ቀለም ሲደርቅ ብዙ ባይለወጥም ጨለማ ቦታ ቢቀመጥ የተልባ ዘይቱ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ በአክሪሊክ የሚሠራ ሰው ለማመሳሰል የሚፈልገውን ቀለም ትንሽ ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት፤ የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ያጠቁራል።

ብርሃን ቀለምን እንደሚገልጥ ሁሉ ያጠፋዋልም። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎህ በፈረንሳይዋ አርል ከተማ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1888 የሣለው የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ሲሣል ሐምራዊ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ቀይ በብርሃን ተበልቶ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ዛሬም ተወዳጁ አሊዛሪን ክሪምሰን፣ ቱቦው ላይ ፒአር83 ተብሎ የተጻፈው፣ ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። ኪናክሪዶን፣ ማለትም ፒቪ19፣ ለእሱ ጥሩ ምትክ ነው። በአጭሩ ቀለም ብርሃንን ምን ያህል እንደሚቋቋም በሚያሳየው የኤኤስቲኤም ደረጃ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የተባለውን መግዛት፣ ደረጃው ካልተጻፈበት ቱቦ ደግሞ ለተሸጠ ሥራ አለመጠቀም ነው። የሚያበሩ የሚባሉት ኒዮን ቀለሞች ከሁሉም ፈጥነው ስለሚጠፉ ለፖስተር እንጂ ለሚቀመጥ ሥዕል አይሆኑም።

ከቱቦው ውጪ ደግሞ ጎረቤት አለ። ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የሽመና ቤት የማቅለሚያውን ክፍል ይመራ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ኢዥን ሸቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ ሲደርሰው መርምሮ ማቅለሚያው ላይ ጉድለት አላገኘም፤ ጥቁሩን ያደከመው ከጎኑ የተሸመነው ቀለም ነበር። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። የእኛም ሸማኔ ጥለቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲያደርግ መሐላቸው ቀጭን ጥቁር ወይም ወርቃማ ክር የሚያስገባው ይህን በእጁ ስለሚያውቀው ይመስለኛል። ቀለም የማይሠራ ሲመስልዎ ቱቦውን ከመለወጥዎ በፊት ከጎኑ ያለውን ይለውጡ።

መስቀያው

ለማሳያ ብርሃን ሙዚየሞች የሚከተሉት ልማድ ለእኛም ይሠራል፤ ለወረቀት ሥራ፣ ለውሃ ቀለምና ለጨርቅ 50 ሉክስ፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ያህል። 50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢበራ 120,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። ቀጥተኛ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ስለሆነች ያንኑ የአንድ ዓመት ብርሃን በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ታወርደዋለች፤ ሥዕል መስኮት አጠገብ የሚሰቅል ደንበኛ ይህን ቁጥር ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ይለውጣል። የመብራቱ ማዕዘን ከጣሪያ በቀጥታ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር ሲለካ 30 ዲግሪ ገደማ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ዓይን አይወጋም። ለፎቶ ሲሆን ግን ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቆማሉ፤ የመስኮት ብርሃንና አምፖል ደግሞ አይቀላቀሉም።

በእጁ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ሰሜን መስኮት ላለው አቡጀዲ፣ ለሌለው ባለ 940 ቁጥር አምፖል እላለሁ፤ አዲስ የቀለም ሣጥን ሦስተኛ ነው።

የሆቴሉን ሥዕል በተመለከተ ሁለት ምርጫ ነበረን፤ ሥዕሉን እንደ ገና መሥራት ወይም መብራቱን መለወጥ። ባለቤቱ የአዳራሹን ቢጫ መብራት ይወዱት ነበርና ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር አልፈለጉም። ሥዕሉ ላይ ብቻ የሚያነጣጥሩ፣ 4000 ኬልቪን የሆኑ ሦስት የኤልኢዲ ስፖት መብራቶች በራሴ ወጪ አስገጠምሁ፤ ጥላዎቹንም እዚያው መሰላል ላይ ቆሜ፣ በሚታዩበት ብርሃን፣ በሁለት ቀን ነካካኋቸው። ውሃው ተመለሰ። አሁን የግድግዳ ሥራ ስቀበል ከቀብዱ ጋር ከደንበኛው ቤት አንድ አምፖል ነቅዬ ይዤ እመለሳለሁ።